በሞያሌ ጥሻ ውስጥ ከልጆቼ ጋር

 

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የማስተምራቸውን ልጆች «ጫካ» በሚል ርዕስ የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ አልኳቸው። ማታ በባትሪ ብርሃን ሳርም ከሞላ ጎደል ሁሉም የጻፉት አንድ ነገር ነው። ጫካ ውስጥ ጅብ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ እባብ አለ፣ ጫካ አይኬድም። ከመካከላቸው አንድ ልጅ ብቻ እንዲህ ብሏል፦ «ጫካ እናቴ እንጨት የምትለቅምበት ቦታ ነው። እስክትመለስ ድረስ እኔና እህቴ በር ላይ እንቀመጣለን።» ድርሰቱ ይኸው ነው፣ አለቀ። ገጹን አልሞላህም ብዬ ልጽፍበት ያነሳሁትን ቀይ እስክሪብቶ መልሼ አስቀመጥኩት።

እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የተወለዱት እዚሁ ካኩማ ነው። ከካምፑ ውጭ አንድ ሌሊት አድረው አያውቁም። ጫካን የሚያውቁት ከእኛ ከወላጆቻቸው አፍ ነው፤ እኛ ደግሞ የነገርናቸው የሸሸንበትን ቀን ብቻ ነው። እኔ ራሴ ከልጆቼ ጋር ጥሻ ውስጥ ያደርኩባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ። አንዱ በግድ ነው፣ ሌላው በፈቃዳችን። ሁለቱም ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

የግዱ አዳር

ሞያሌን የማታውቁ ካላችሁ፣ ድንበር መሐሏን ሰንጥቆ ያለፈባት ከተማ ናት። መስመሩ የመጣው በፈረንጆች 1907 ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች ከተዋዋሉ በኋላ ሲሆን፣ የቦረናን ሕዝብ ከነከብቱ፣ ከነዘመዱ ለሁለት ከፍሎታል። ከተማዋ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፊታችሁን ወደ ኬንያ ስታዞሩ ታች እስከ አድማስ ድረስ ሜዳ ይታያል። ሜዳ ይባል እንጂ ጥሻ ነው፤ ግራር፣ የከርቤ ዛፍ፣ እሾህ በእሾህ ላይ። እኔ ሞያሌ በኢትዮጵያ በኩል አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር ያንን ጥሻ በየቀኑ እያየሁት አንድ ቀን እንኳ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ምን ላደርግ እገባለሁ?

መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወታደሮች ከተማው ውስጥ ሲቪል ሰዎችን ገደሉ፤ በኋላ በስህተት ነው ተባለ። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ኬንያ ተሻገረ። እኛም ከነዚያ ውስጥ ነን። ባለቤቴ፣ የአሥር ዓመቷ ታላቋ ልጄ፣ የሰባት ዓመቱ ወንዱ ልጄና ሁለት ዓመት ያልሞላት ትንሿ። የያዝነው አንድ ብርድ ልብስ፣ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካንና በፌስታል የጠቀለልኩት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ነው። ባለቤቴ መንገድ ላይ ፌስታሉን አይታ «እሱን ቀቅለን ልንበላው ነው?» አለችኝ።

ድንኳን ገና አልተተከለም። መጠለያ እስኪሰጠን ሦስት ሌሊት ከሶማሬ ወዲያ ባለው ጥሻ ውስጥ አደርን። የመጀመሪያውን የመኝታ ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ውሃ የሚወርድበት፣ አሁን እኛም እዚህ ካኩማ «ላጋ» የምንለው ዓይነት ደረቅ ወንዝ አገኘሁ። አሸዋው ለልጆች ይለሰልሳል፣ ዳር ላይ ያለው ትልቅ ኩይሳ ነፋስ ይከልላል አልኩ። በጨለማ እጄን እየሰደድኩ እንጨት ለቀምኩ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም። በየደቂቃው አንድ ነገር ይሰበራል፣ አንድ ነገር ይጮኻል፤ ወንዱ ልጄ «አባዬ ምንድን ነው?» ይለኛል፣ እኔ «ምንም አይደለም» እለዋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሲነጋ ፍየል የሚነዱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ የቦረና ሽማግሌ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ቦታውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ።

«ይህን ቦታ ማን መረጠላችሁ?» አሉ በኦሮምኛ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መምህር ነኝ።»

ዝም አሉ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያች ዝምታ ትስቃለች።

ከዚያ አስረዱኝ። ጊዜው የትልቁ ዝናብ፣ የእነሱ «ገና» መግቢያ ነው። ዝናቡ ላይኛው አገር ሲጥል እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ኮከብ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ግን ሌሊት በላጋው ተንደርድሮ ይደርሳል፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ኩይሳ ደግሞ እባብና ጊንጥ የሚውልበት ነው። ተነሱ አሉን፤ ወደ ከፍታው፣ ድንጋይ ወደሌለበት ገላጣ ቦታ ወሰዱን። በሁለተኛው ሌሊት ራቅ ብሎ መብረቅ ሲያበራ አየን፣ እኛ ጋ አንድ ጠብታ አልወረደም። ጠዋት ውሃ ፍለጋ በላጋው ሳልፍ ያ የለሰለሰ አሸዋ እርጥብ ነው፤ ደፈርስ ውሃ አልፎበት ቅጠልና ቅርንጫፍ ኩይሳው ሥር ከምሮ ሄዷል። የልጆቼ ጭንቅላት የነበረበትን ቦታ በዓይኔ ለካሁት። ለባለቤቴ የነገርኳት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ስለ ኩይሳው በኋላ ከአንድ የጤና ሠራተኛ የሰማሁትን ልጨምር። ካላ-አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚህ አካባቢ ኩይሳ ውስጥ ባሉ ቀዳዳዎች ትውላለች፣ ሲመሽ ትወጣለች። ከትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም። በሽታው ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ያመጣል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ካልታከመ ይገድላል። የሞያሌ ወረዳ የምትገኝበት ማርሳቢት በሽታው በተደጋጋሚ ከታየባቸው የኬንያ አካባቢዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ኩይሳ ሥር አትተኙ፣ ልጆችም ማታ ማታ እዚያ እንዲጫወቱ አትተዉ።

የፈቃዱ አዳር

ከዚያ ዳምባላ ፋቻና መጠለያ ገባን። ሽማግሌው ፍየል እየነዱ በዚያ ሲያልፉ ብቅ ይሉ ነበር፤ ልጆቹ «አባባ» ብለው ለመዷቸው። ግን አንድ ችግር ነበረብን። ወንዱ ልጄ ከዚያ ከመጋቢት ወዲህ ቅርንጫፍ ሲንቀሳቀስ ይደነግጣል። ሌሊት ይባንናል፣ በቀን እንኳ ብቻውን ሽንት ቤት አይሄድም። እኔ በአስተማሪ ደንብ ምክር ሰጠሁት፣ ተረት ነገርኩት፣ ተቆጣሁት፤ አልሠራም። ባለቤቴ ናት መላ ያመጣችው። «ልጁ ጥሻ የሚያውቀው ስንሸሽ ነው። ሳንሸሽ ይየው» አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ከዚያ ሁሉ መከራ የወጣነው እንደገና ልንገባበት ነው ወይ? ሦስት ሳምንት ተከራከርን። እሷ አሸነፈች፤ ሁሌም እንደሚሆነው።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው፤ ትንሹ ዝናብ፣ ሐጋያ የሚሉት፣ ጥሎ ጥሻው አረንጓዴ በሆነበት ሰሞን። ለካምፑ አስተዳደር አስታውቀን፣ ሽማግሌውን መሪ አድርገን ልጆቻቸው ወደሚገኙበት «ፎራ» ሁለት ሌሊት ልናድር ወጣን። ፎራ ማለት የማይታለቡትን ከብቶች ከመንደር አርቀው የሚያሰማሩበት ጊዜያዊ ሰፈር ነው። ትንሿን ባለቤቴ አዘለቻት። እኔ ሸራ፣ ዱቄትና ስኳር ተሸከምኩ።

የመጀመሪያውን ትምህርት ሽማግሌው የሰጡት ከካምፑ እንደወጣን ነው። በየጥቂት ርምጃው ያቆሙንና ወደኋላ ዙሩ ይሉናል። «ስትሄዱ ያያችሁት ዛፍ ስትመለሱ ሌላ ዛፍ ነው፤ ጀርባውንም እወቁት።» ሁለተኛው ደግሞ ይህ ነበር፦ የከብት ዱካ እየተገናኘ እየሰፋ ከሄደ ወደ ውሃ ወይም ወደ መንደር ነው፣ እየተበተነ ከሄደ ወደ ግጦሽ ነው። ሦስተኛውን ለልጆቹ ለብቻ ነገሯቸው፣ እኔም በግማሽ ጆሮ ሰማሁት። «የጠፋ ሰው አይሮጥም። ትልቅ ዛፍ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ልብሱን እሾህ ላይ ይሰቅላል፣ ያገኘውን ነገር ያንኳኳል። ሰው እስኪመጣ አይነሳም።»

ምን ልበላችሁ፣ ያ ጉዞ ትምህርት ቤት ነበር፤ እኔም ተማሪ ሆንኩ። ዋልካ መሬት ላይ የሚበቅል አንድ የግራር ዓይነት አለ፣ እነሱ «ፉሌንሳ» ይሉታል። እሾሁ ሥር እንደ ሎሚ ክብ ሆኖ ያበጠ ጥቁር ኳስ አለው፣ ውስጡ ጉንዳን ይኖርበታል። ጉንዳኖቹ ኳሱን ይበሱታል፤ ነፋስ ሲመጣ በቀዳዳው ገብቶ ያፏጫል። ወንዱ ልጄ ፉጨቱን ሰምቶ እጄን ጨመቀ። ሽማግሌው ወደ ዛፉ ጠጋ አድርገው ቀዳዳውን አሳዩት። ልጁ ራሱ በአፉ እፍ አለበት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በየዛፉ እየሮጠ እፍ ሲል ጉንዳን ከንፈሩን ነድፎት እያለቀሰ ይስቅ ነበር።

እንሹም አየን፤ ከጥንቸል ብዙም የማትበልጥ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆና የምትሄድ የሚዳቋ ዘር ናት። ሽማግሌው አንድ የደረቀች ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ያለች ጥቁር ጠብታ አሳዩን። እንሹ ዓይኗ አጠገብ ካለው ዕጢ የሚወጣውን ቀብታ «ይህ ቤቴ ነው» የምትልበት ምልክት ነው። ልጆቼ «እንባ» ብለው ጠሩት፣ ሲፈልጉም ዋሉ። ሌላዋ ደግሞ ሶማሊዎች ገረኑግ የሚሏት አንገተ ረጅም ናት፤ በኋላ እግሯ ብቻ ቀጥ ብላ ቆማ እንደ ፍየል ከግራር ላይ ትቀነጥባለች። ቆንጆ ሮዝ አበባ ያለው፣ ግንዱ እንደ ጠርሙስ ያበጠ ተክልም አለ። ታላቋ ልጄ ልትቀጥፈው ስትል ሽማግሌው እጇን ያዙ። ፈሳሹ መርዝ ነው፣ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ለቀስት መርዝ ይጠቀሙበታል። የሚበላውን ደግሞ ራሳቸው ቀምሰው ሰጡን፤ «ዴቃ» የሚሏት ትንሽ ፍሬ ናት፣ ሥጋዋ ጥቂት ሆኖ ጣፋጭ ነው። ደንባቸው አንድ ነበር፦ አዋቂ ስሙን ያልነገራችሁን ፍሬ አፋችሁ ውስጥ አታግቡ።

ማታ ፎራው ደረስን። የእሾህ አጥር አለ፤ የቅርንጫፉ ግንድ ወደ ውስጥ፣ እሾሃማው ጫፍ ወደ ውጭ ነው፣ ጅብ ከውጭ ቢጎትተው አፉ ውስጥ የሚገባው እሾህ ነው። ጎርፋ ከሚሉት በጭስ ከታጠነ ዕቃ ወተት ቀዱልን። ልጆቼ የጭሱን ሽታ መጀመሪያ አልወደዱትም፣ በማግስቱ ግን ተሻሙበት።

ጥሻው ድሮ ጥሻ አልነበረም

እሳቱ ዳር ስንቀመጥ ሽማግሌው በእጃቸው ጨለማውን አሳይተው «እኔ ልጅ እያለሁ እዚህ ተቀምጬ እዚያ ማዶ ያለችውን ላም አያት ነበር» አሉ። እውነት ለመናገር የሽማግሌ ወሬ መስሎኝ ነበር። ድሮ ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር የማይል ሽማግሌ የት አለ? በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የቦረናን ግጦሽ ያጠኑ ተመራማሪዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦረናዎች በጥንት ልማዳቸው ሣሩ ሲደርቅ በተራ በተራ መሬቱን ያቃጥሉ ነበር። እሳቱ መዥገር ይገድላል፣ አሮጌውን ሣር ጠርጎ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል፣ የግራር ቡቃያንም ገና በልጅነቱ ያስቀረዋል። በፈረንጆች 1970ዎቹ፣ በደርግ ዘመን፣ በኢትዮጵያ በኩል ማቃጠል ተከለከለ። ለደን ጥበቃ ታስቦ ነው። እሳት ሲቀር ቡቃያው ዛፍ ሆነ። ዛፉ ጥላ ሲያበዛ ሣር ሳሳ፤ ሣር ሲሳሳ ደግሞ ቢቃጠል እንኳ የሚነድ ነገር ጠፋ። በዚያ ላይ ከብቱ በዛ፣ የሚዘዋወርበት መሬት ጠበበ፤ ሣሩ ሁሉ ተግጦ አለቀ። እንግዲህ እኛ የዱሮ ጫካ የመሰለን አብዛኛው ጥሻ ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ሣር የሚበላው ከብት ሲቸገር ቅጠል የሚበላው ፍየልና ግመል ያዋጣል፤ ድሮ በላም ብቻ የሚኮሩት ቦረናዎች ግመል ማርባት የጀመሩት አንዱም በዚህ ነው።

እኔ በክፍል ውስጥ ስንት ዓመት «ዛፍ መትከል ጥሩ ነው፣ እሳት መጥፎ ነው» እያልኩ አስተምሬአለሁ። ዛፍ መትከል ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም። እኚህ ሽማግሌ ራሳቸው ትልቅ የጥላ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ሲያዩ ይቆጣሉ። ብቻ የዚያን መሬት ጉዳይ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት እሳቸውን ነበር።

ማርና ከዚያ በኋላ

በማግስቱ የሽማግሌው ልጅ መዳፎቹን ገጥሞ በመካከላቸው ነፋ፤ ርቆ የሚሰማ ፉጨት ነው፣ «ፉሊዶ» ይሉታል። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ግራጫ ወፍ መጥታ እየለፈለፈች ከዛፍ ዛፍ ትዘል ጀመር። ማር ጠቋሚዋ ወፍ ናት። ወፏ ቀፎው የት እንዳለ ታውቃለች፣ ግን ንቡን ራሷ መክፈት አትችልም፤ ሰው ከፍቶ ማሩን ሲወስድ ሰሙንና እጩን ትበላለች። ይህን ተረት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ሁሴን አዳን ኢሳቅ የሚባሉ ኬንያዊ ተመራማሪ ከራየር ጋር ሆነው እዚሁ ሰሜን ኬንያ ውስጥ ከቦረና ማር ቆራጮች ጋር ዓመታት አጥንተው በ1989 (በፈረንጅ) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳትመውታል። ያለ ወፏ አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅ ነበር፣ ከወፏ ጋር ግን 3.2 ሰዓት። ቦረናዎቹ ከወፏ አበራረርና ድምፅ አቅጣጫውንና ርቀቱን እናውቃለን ያሉትም ሲለካ እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ሰዓት ያህል ተከተልናት። ቀፎው የዛፍ ፍንቅቅ ውስጥ ነበር። ጭስ ተደረገ፣ ንቡ ወጣ፣ ሁሉም ወዲያና ወዲህ አለ፣ ትንሿ አለቀሰች፣ ወንዱ ልጄ ጮኸ፣ ማሩ ወጣ፣ ለወፏም ድርሻዋ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠላት። ጣቴን እየላስኩ ልጆቼን ቆጠርኩ። ሁለት ናቸው።

ታላቋ የለችም።

ስሟን ጠርቼ መሮጥ ስጀምር ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጉልበት ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። «አንተ ከጮህክ እሷን ማን ይሰማታል?» አሉኝ። መጨረሻ ማን የት እንዳያት ጠየቁ። ወንዱ ልጄ ጭሱን ፈርታ ወደ ፍሬዎቹ እንደሄደች ተናገረ። አንዱን ልጃቸውን ወደዚያ ዱካ እንዲፈልግ ላኩት። ባለቤቴን ከልጆቹ ጋር እዚያው ዛፍ ሥር አስቀመጧት፣ ከዚያ እንዳትነሳ። እኔን «ዝም ብለህ አዳምጥ» አሉኝ። ጥሻ ውስጥ አሥር ርምጃ ማዶ ያለ ሰው እንደማይታይ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ ግራር ሁሉ ያው ግራር ነው። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው። ከዚያ ወፍ። ከዚያ ምንም።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። እየተራመድን እንቆማለን፣ እናዳምጣለን፣ እንራመዳለን። በመካከሉ ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም፤ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ ኋላ ላይ ነው ቀጭን ድምፅ የመጣው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ያርፋል፣ ደግሞ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የላስቲክ ድምፅ ነው። ያቺን ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ውሃ እንድትይዝ ያሸከምኳት እሷን ነበር።

ዳዳቻ በሚሉት ትልቅ ግራር ሥር ተቀምጣለች። ቀዩ ሻርፗ እሾህ ላይ ተሰቅሏል። ጄሪካኗን በድንጋይ እየመታች ነው። ስታየን አልተነሳችም። ሮጬ ሳቅፋት «አባባ የጠፋ ሰው አይነሳም ብለዋል» አለችኝ። ፊቷ ላይ የደረቀ እንባ አለ፣ ግን ውሃዋን በልክ ጠጥታ ግማሹን አስቀርታለች። የቆመችው እኛ ከነበርንበት እጅግም ሩቅ አይደለም። ብትሮጥ ኖሮ የት ትደርስ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ያን ሌሊት ፎራው ውስጥ ወንዱ ልጄ አልባነነም። እኔ ነኝ ሲነጋጋ ድረስ የባነንኩት።

ለካኩማ ወላጆች

ይህን ሁሉ ያወራሁት የልጆቻችሁን እጅ ይዛችሁ በዘፈቀደ ውጡ ለማለት አይደለም። ካኩማ ሞያሌ አይደለም። ራቅ ላለ መንገድ ፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል። መሬቱ የቱርካናዎች ነው፣ ሳይጠየቁ እንጨታቸውን መልቀም ስንቱን ጠብ እንዳመጣ የምታውቁት ነው። መሪ ይኑራችሁ፣ አካባቢውን የሚያውቅ፣ በስሙ የሚጠራችሁ ሰው። እንጨት የሚለቅሙ እናቶች ብቻቸውን አይሂዱ፤ በቡድን ሆነው ሰዓት ተነጋግረው ይሂዱ፣ ማን ወዴት እንደሄደች ቤት የቀረ ሰው ይወቅ። ታራች ላጋን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ደረቅ ነው ብላችሁ ልጆች አሸዋው ላይ እንዲያንቀላፉ አትተዉ። ማቴንጌ የሚሉት ያ እሾሃማ ዛፍ ሲወጋ ቁስሉ ያመረቅዛልና ልጆች በባዶ እግር አይግቡበት።

ስለ እባብ አንድ ስህተቴን ልናዘዝ። ኮሌጅ ሳለሁ በመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት የተነደፈውን ቦታ በምላጭ መብጣት፣ ደሙን መምጠጥ፣ ከላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ተብሎ ተምሬአለሁ፤ እኔም ለተማሪዎቼ አስተላልፌዋለሁ። ሦስቱም ይጎዳሉ። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ አጥብቃችሁ አትሰሩ። ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቁ፣ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፣ ሰውየውን አታስኪዱት፣ ተሸክማችሁ ሐኪም ቤት አድርሱ። እባቡን ለመግደል አትሩጡ፤ ሁለተኛ ሰው ታስነድፋላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (በፈረንጅ) የእባብ ንድፍን ከተዘነጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እንዲሁ አይደለም፤ የሚሞተው በአብዛኛው እንደኛ ያለ ከከተማ የራቀ ሰው ስለሆነ ነው።

ሽማግሌውን በስልክ እናገኛቸዋለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት በቀረበት ድርቅ ላሞቻቸው አልቀው ጥቂት ፍየልና ሁለት ግመል ቀሩላቸው። ያን ሰሞን ስደውል ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። እንዴት ናችሁ ስላቸው «ጥሻው አለ» አሉኝ። ከዚያ ታላቋን አገናኘኋቸው፤ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፣ ቁመቷ ከእኔ እኩል ሆኗል። ምን እንዳሏት ስጠይቃት «ጄሪካኗ አለች ወይ ብለው ጠየቁኝ» አለች። አለች፤ አሁን ጋዝ ይቀመጥባታል።

ያን ባለ ሁለት መስመር ድርሰት የጻፈውን ልጅ እናቱን አነጋግሬአለሁ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአንድ ቱርካና የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከነወላጆቻቸው በታራች ዳር ትንሽ ልንሄድ ነው፣ ከአራት ሰዓት በፊት እንመለሳለን። መምጣት የምትፈልጉ እስከ ሐሙስ ድረስ ስማችሁን አስመዝግቡ። ልጅ ብቻውን አይላክ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ሽፍን ጫማ፣ እና የሚታይ ቀለም ያለው ጨርቅ ያዙ።